የዘጌ ጫካ ከስሩ ሲታይ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። መንገድ ላይ ወደ ከተማ የሚቀዝፉ የደንገል ታንኳዎች አጋጠሙን። የጫኑት ማገዶ ነው። እንጨቱ በልክ በልኩ ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ በልጥ ታስሯል። አንዳንዱ ገና እርጥብ ነው።

ዘጌን በሳተላይት ካርታ ያየ ሰው ደስ ይለዋል። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ነው፤ ወደ ሐይቁ የገባው መሬት ግን ጥቁር አረንጓዴ ነው። እኔ የሄድኩት ካርታው የማያሳየውን ለማየት ነው።

ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና መሃል ያልፋል። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ጥላ ሠርተዋል። አንድ አዛውንት ቡና ገበሬ ጓሯቸው አስገቡን። «እዚህ በሬ አይጠመድም፣ ልጄ» አሉኝ። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የጻድቁ የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ነው ይባላል። ማረስና ከብት ማርባት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ነውር ነው። ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። በዓለም ላይ ደን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋናዎቹ እርሻና ግጦሽ ናቸውና።

ዘጌ የዝናብ ደን አይደለም፤ የደጋማው አገር ደን ነው። ግን ጥያቄው ከአማዞን ጋር አንድ ነው፦ ደኑን ማን ጨረሰው? መጨረሱንስ በምን እናውቃለን? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2020 የተመነጠረው ደን 420 ሚሊዮን ሄክታር ነው። አራት ኢትዮጵያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው፤ አብዛኛውም በሐሩር አገሮች ነው። አማዞን ላይ ጫካው የሚመነጠረው በዋናነት ለከብት ግጦሽ ነው፤ አኩሪ አተርም ይከተላል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የዘይት ፓልም ብዙ ደን በልቷል። ኮንጎ ውስጥ ደግሞ የአነስተኛ ገበሬ ማሳና ከሰል ያመዝናሉ። ማገዶ ተሸካሚዋን እናት ብቻ የሚወቅስ ሰው ይህን ሁሉ ዘሎ ነው።

መለካቱን ብራዚል ቀደም ብላ ጀምራዋለች። የሕዋ ምርምር ተቋሟ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የአማዞንን ምንጠራ በየዓመቱ ይቆጥራል። በ2004 ወደ 28 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ጠፍቶ ነበር፤ በ2012 ወደ 4,600 ወረደ። ሳተላይቱ አዲስ ምንጣሮ ሲያይ ተቆጣጣሪዎች ቶሎ ይደርሱ ነበር፤ በ2006 ደግሞ ነጋዴዎቹ ከተመነጠረ መሬት የመጣ አኩሪ አተር ላለመግዛት ተስማሙ። ቁጥጥሩ ሲላላ ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ፤ በ2021 13 ሺህ አለፈ። መቆጠሩ የሚጠቅመው እንዲህ እርምጃ ሲከተለው ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ጓሮ ልመለስ። አንድ የዋንዛ ጉቶ አሳዩኝ፤ ጠርዙ ገና ነጭ ነው። ጎኑ ካለው ሌላ ዋንዛ ላይ ሜትር አዞርን። ደን የሚለኩ ሰዎች ደረት ላይ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለው ነው የሚለኩት። ዙሪያው ከ2 ሜትር በላይ ሆነ። ነፃ ከሚገኙት የሳተላይት ምስሎች ብዙ የሚሠራበት የላንድሳት አንዱ ነጥብ (ፒክስል) መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ ማለትም 900 ካሬ። እዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ቢወድቅ ከስሩ ቡናው አለ፤ ነጥቡ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። በተቃራኒው ገበሬው ራሱ የተከለውን ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ካርታው ላይ የጠፋ ደን ሊመስል ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጉቶው ብቻ አይደለም። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳይ ቡና እንጂ የዋንዛና የሰሳ ልጆች የሉም። ቡናው ሲታረም ችግኙም አብሮ ይታጨዳል። ሽማግሌ ዛፎች አሉ፣ ተተኪ የለም። ዛሬ የሚወጣ ካርታ ይህን አይነግረንም። የሚነግረን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጥላው ሲሳሳ ነው።

«ለምን ይቆረጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ ማገዶ ግን በየቀኑ ገንዘብ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጤፍ ይገዛል፤ እኛ አናርስማ» አሉኝ።

ለካ ማረስን የከለከለው ሥርዓት እህሉን ከገበያ እንዲገዙ አድርጓቸዋል፤ ቡናው ሲያንስ ደግሞ ዛፉ ይሸጣል። ስለዚህ ዘጌ ላይ ዛፍ መቁጠር ያለበት በእግር የሚዞር ሰው ነው፤ የአካባቢው ወጣት ሜትርና ደብተር ይዞ በየዓመቱ ያንኑ ጓሮ ይለካ። የቡናው አረም ሲደርስም በየጓሮው ጥቂት የዋንዛና የሰሳ ችግኝ ምልክት ታስሮለት ይለፍ። ይህን ስላቸው አዛውንቱ ተስማሙ፤ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ባሕር ዳር ማገዶ እስከገዛችሁን ድረስ ያ ችግኝም ሲያድግ ታንኳ ላይ ነው የሚጫነው።»