ሊምፍን በእጅ ማፍሰስ፦ ለምን ካበጠው ቦታ አይጀመርም

ክንድ ወይም እግር ሲያብጥ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ያበጠው ቦታ ላይ ነው። እንጫነዋለን፣ እናሸዋለን፣ ወደ ላይ እንገፋዋለን። ሊምፍ፣ ማለትም ከሕዋሳት መሃል ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ፣ ሲጠራቀም በሚመጣው እብጠት ላይ ግን ከሁሉም ስሕተት የሚበዛው ይሄ ነው። ሊምፍን በእጅ የማፍሰስ ሕክምና የሚጀምረው ከአንገት ሥር ነው፤ ያበጠው ክንድ ተራ የሚደርሰው ከክፍለ ጊዜው ሩብ ወይም ግማሹ ካለፈ በኋላ ነው። ቦዩ ከታች ሳይጠረግ ከላይ ውሃ ቢለቀቅ የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል።

ከቀጫጭን የደም ሥሮች ወደ ሕዋሳት መሃል የሚወጣው ፈሳሽ በየጊዜው መሰብሰብ አለበት። ፈሳሹንና አብሮት ያለውን ፕሮቲን አንሥተው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው፤ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ያህል። የመጀመሪያዎቹ ቧንቧዎች ከቆዳ ሥር ያሉ፣ ግድግዳቸው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ የሆነ፣ በቀጫጭን ክሮች ከአካባቢያቸው ጋር የተያያዙ ናቸው። ቆዳ ሲሳብ ክሮቹ ይወጠራሉ፣ በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ፈሳሹ ይገባል። ቆዳው ሲለቀቅ ክፍተቱ ይዘጋል። ሕክምናው በሙሉ የቆመው በዚህች መሳብና መልቀቅ ላይ ነው። ጡንቻ እስኪሰማው ድረስ መጫን ቧንቧውን ጨፍልቆ ይዘጋዋል፤ በዚያ ላይ ወደ ቦታው የሚመጣውን ደም ያበዛል፣ ደም ሲበዛ የሚወጣው ፈሳሽም ይበዛል።

ከእነዚህ ቀጥለው ያሉት ሰብሳቢ ቧንቧዎች ደግሞ የራሳቸው ጡንቻ አላቸው፤ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ያህል እየተኮማተሩ ይገፋሉ። የሁሉም መጨረሻ ከአንገት ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ትልልቅ ደም መላሾች ናቸው። ሁለቱም እግሮች፣ ሆድ፣ ግራ ክንድ፣ የራስና የደረት ግራ ጎን በግራ በኩል ይገባሉ፤ በቀኝ በኩል የሚገባው የቀኝ ክንድ፣ የቀኝ ደረትና የቀኝ ራስ ብቻ ነው።

ዘዴውን ያዳበሩት ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሲሠሩ። በ1936 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። በኋላ ሐኪሙ ሚካኤል ፎልዲ ጀርመን ውስጥ ከፋሻ፣ ከቆዳ እንክብካቤና ከእንቅስቃሴ ጋር አዋሕደው አንድ ሕክምና አደረጉት።

እጅ ከማሳረፍ በፊት እብጠቱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። አውራ ጣትን እብጠቱ ላይ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማንሣት፦ ቦታው ሰርጉዶ ከቆየ ገና ፈሳሽ ነው፤ ካልሰረጎደና ከጠነከረ ሕብረ ሕዋሱ መጠጠር ጀምሯል። እግር ላይ ሌላም ምልክት አለ፤ ከአውራ ጣት ቀጥላ ያለችው ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ማንሣት ካልተቻለ የሊምፍ እብጠት የመሆኑ ነገር ይጎላል። ቆዳው ተነሣ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ሁለቱም እግሮች እኩል ሲያብጡ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም መታየት አለባቸው።

አንድ እግር በድንገት አብጦ ካመመና ከሞቀ ደም የረጋበት ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ መነካካት የለበትም። ቀልቶ የሚያቃጥልና ትኩሳት ያመጣ እብጠት፣ በሕክምና ያልተረጋጋ የልብ ድካም፣ ድንገተኛ የኩላሊት መድከምም እንዲሁ ይከለክላሉ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ የሚሠራባቸው ወይም የአንገት ደም ቅዳቸው የጠበበ ሰዎች አንገታቸው አይነካም። በእርግዝና ጊዜ ሆድ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ሥራው። ቀኝ ጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የቀኝ ብብት ሊምፍ ኖዶቿ (ሊምፍ የሚያጣሩት ትናንሽ ዕጢዎች) የወጡላትን፣ ቀኝ ክንዷ ያበጠባትን ሴት እናስብ። በጀርባዋ ትተኛለች፣ ክንዷ ትራስ ላይ ከፍ ይላል። ቅባት የለም፤ ቅባት ካለ እጅ በቆዳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ቆዳውን አይስበውም። መጀመሪያ በሆድ 5 ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፤ ትንፋሹ በደረት ውስጥ የሚያልፈውን ትልቁን የሊምፍ ቧንቧ ያግዛል።

ከዚያ ከአንገት ሥር፣ ከትከሻ ወደ ደረት መሃል ከሚሄደው አጥንት በላይ ያለችው ጎድጓዳ። የጣቶች ጫፍ ሳይሆን የጣቶች ሆድ በጠፍጣፋው ያርፍባታል። ቆዳው እስከሚሄድበት ድረስ ብቻ በክብ ወደ ውስጥና ወደ ታች ይሳባል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ቆዳው ራሱ ጣቶቹን መልሶ ያመጣቸዋል። አንዱ ዙር ከ1 ሰከንድ አያንስም፣ በአንድ ቦታ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይደገማል። ጭነቱን ለመገመት የተኛ ሕፃን ጉንጭ የሚነካበትን እጅ ማሰብ ይረዳል። ቆዳው ከቀላ ጭነቱ በዝቷል።

በቀኝ ብብት በኩል ያለው መንገድ ስለተቆረጠ ቀጥሎ የሚሠራው የመጀመሪያው መውጫ፣ ጤነኛው የግራ ብብት ነው። ከዚያ ደረቱ፣ መጀመሪያ ለግራ ብብት የቀረበው፣ ቀጥሎ መሃሉ፣ በመጨረሻ ቀኙ፤ አቅጣጫው ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ብብት ነው። ሁለተኛው መውጫ የቀኝ ብሽሽት ነው፤ ብሽሽቱ ይሠራና ከወገብ እስከ ቀኝ ብብት ያለው ጎን በየክፍሉ ወደ ታች ይመራል። እነዚህ ሁለት መንገዶች ከተከፈቱ በኋላ ነው ክንዱ የሚነካው፦ ትከሻ፣ ከክርን በላይ፣ ክርን፣ ከክርን በታች፣ መዳፍ፣ ጣቶች። የላይኛው ሳይሠራ ወደ ታችኛው አይወረድም፣ ፈሳሹም ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚመራው። በክንዱ ውስጥ በኩል ያለው ፈሳሽ ወደ ውጭ በኩል ይዞርና በትከሻ ላይ ይሻገራል። በልማድ ወደ ቀኝ ብብት መግፋት ከባድ ስሕተት ነው፤ በዚያ በኩል ያለው መንገድ ተቆርጧል። በጨረር የደነደነ ወይም የሳሳ ቆዳም አይሳብም፤ ይዞሩታል። ሁሉም ሲያልቅ በመጣንበት መንገድ ተመልሰን አንገት ላይ እንጨርሳለን። ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። እጅ ብቻውን እብጠትን አይዝም፤ ክንዱ በፋሻ ካልታሰረ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ጥናቶችም የሚያሳዩት ትልቁን ሥራ የሚሠራው ማሰሪያው እንደሆነና እጅ የሚጨምረው ጥቅም መጠነኛ እንደሆነ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ማግኘት የሚችል ሰው ማሰሪያውን ይምረጥ። መርዝ ያስወጣል፣ ያከሳል የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ መሠረት የለውም፤ ይህ እጅ ስብን አያቀልጥም።

ለዚህ የሚሆነው ብዙ የማይለጠጠው ፋሻ ነው። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ይገፋዋል፣ ሲያርፍ ግን አያስጨንቅም፣ ስለዚህ ተኝተውበት ማደር ይቻላል። እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው የስፖርተኞች ፋሻ ግን እረፍት ላይም ስለሚጨምቅ ለሌሊት አይሆንም። አስተሳሰሩ ይህ ነው፦ ቆዳው ላይ የጥጥ እጅጌ፣ ጣቶች ላይ አንድ በአንድ ስስ ፋሻ፣ በላዩ ጥጥ ወይም ስፖንጅ፣ ከዚያ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ፋሻ፤ 6፣ 8፣ 10 ሴንቲሜትር። መዳፍ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ካመመ ወዲያው ይፈታል። በመጀመሪያው ዙር ሕክምናው በሳምንት 5 ቀን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይሰጣል፤ ፋሻው ሌትም ቀንም ይታሰራል። ከፋሻው በኋላ የሚለበሰው፣ በልክ የሚሠራው የላስቲክ እጅጌ መለካት ያለበት እብጠቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተለካ በሳምንታት ውስጥ ይሰፋል። ላስቲኩ ስለሚደክም በ6 ወር ገደማ ይቀየራል።

ለውጡን ዓይን አይነግረንም፣ ሜትር ነው የሚነግረን። ከእጅ አንጓ ጀምሮ በየ4 ሴንቲሜትሩ ምልክት አድርጎ ሁለቱንም ክንድ መለካት፤ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ አቀማመጥ፣ ሜትሩን ሳይስቡ። በሁለቱ መካከል በአንድ ነጥብ ላይ 2 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት መኖሩ እብጠት ለመባል ከሚታዩት መለኪያዎች አንዱ ነው። ቁጥሩ ለሁለት ሳምንት ካልወረደ መጀመሪያ የሚፈተሸው አስተሳሰሩ ነው፣ ቀጥሎ የእጅ ቅደም ተከተሉ። ከወረደ በኋላ በድንገት ከጨመረና ቆዳው ከቀላ ወይም ብርድ ብርድ ካለ፣ ሥራው ይቆማል፣ ፋሻው ይፈታል፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ያያታል።