ቴምብሩን ቆርጠው ፖስታውን አቃጠሉት

ቴምብር ብቻ የሚሰበስብ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቴምብር የጀመረ ሰው ትንሽ ቆይቶ ሳንቲም ይጨምራል፣ ከዚያ የሎተሪ ትኬት፣ የክብሪት ሣጥን፣ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ። እኔም እንደዚሁ ነኝ። ከጎን ከምሰበስባቸው ሁሉ ግን ልቤ ያለው ያገለገለ ፖስታ ላይ ነው፤ ቴምብሩ ያልተነቀለ፣ ማህተሙ ያረፈበት፣ አድራሻው በእጅ የተጻፈበት ሙሉ ፖስታ። ይህን የምጽፈው ፖስታ መሰብሰብ ስጀምር አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ስለ መሥሪያ ቤት አሠራር ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ስለነበር ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ሎተሪ ዕጣው ከወጣ በኋላ አዟሪዎችን ጠይቁ፣ አይከለክሏችሁም። ሸክላ ስትገዙ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ጭረቱን እዩ። ሳንቲም ከዘመድ ጣሳ ውስጥ ይገኛል፤ ስታገኙት ግን በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። ያበራል፣ ዋጋውም እዚያው ያልቃል።

ስለ ሳንቲም ካነሳሁ የጃንሆይን ስሙኒ ሳልጠቅስ አላልፍም። 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ስሙኒ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ድፍን ክብ፣ ሌላው ጠርዙ እንደ አበባ ወጣ ገባ ያለ። ክቡ በመጠኑም በመልኩም ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ስለሚመሳሰል ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው የሚያሳልፉ ሰዎች መጡ፤ ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ ጠርዙ ተለወጠ። ክቡን ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ወደ ፖስታው ልመለስ። የጀማሪ መመሪያዎች ሁሉ "ቴምብሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈህ ከፖስታው አላቅቅ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው የአፄ ምኒልክ ምስል፣ ከፍ ያሉት የአንበሳው ምስል ያለባቸው፣ በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በዚያው አቆጣጠር በ1908 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ወደ ውጭ ለሚሄድ ደብዳቤ የእኛ ቴምብር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በጅቡቲ በኩል ለማለፍ የዚያው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የምታዩት ፖስታው ላይ ነው። ዘፍዝፋችሁ ካላቀቃችኋቸው ሁለት ተራ ቴምብሮች ይቀሯችኋል፣ ታሪኩ ከውኃው ጋር ይደፋል።

የቅርቡም ቢሆን እንደዚያው ነው። ማህተሙ ላይ ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሀገረ ማርያም የሚል ታነባላችሁ፤ ዛሬ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ጭሮ፣ ቡሌ ሆራ ናቸው። እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ ይመጣ ስላልነበር ደግሞ አብዛኛው ፖስታ ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለ፤ ማን ከማን ጋር ይጻጻፍ እንደነበር በእሱ ትከተላላችሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤቱን ሊያጸዳ መሆኑን ሰማሁ። ወርጄ አየሁት። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ሁሉም የድሮ ፖስታ፤ ደብዳቤዎቹ ወጥተው ፋይል ስለተደረጉ ባዶ ፖስታ ብቻ። አንዱን አንስቼ ያዝኩት። ጠርዙ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያለው፣ ከአሥመራ በሬኮማንዴ፣ ማለትም በአደራ ደብዳቤነት ተመዝግቦ የተላከ፣ ሁለት የጃንሆይ ቴምብር ያለበት። ክቡ ማህተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል፤ ከኋላው አዲስ አበባ የደረሰበት ማህተም አለ። መልሼ አስቀመጥኩት። የንብረት ክፍል ኃላፊው "በማመልከቻ ጠይቅ፣ በደንቡ ይሰጥሃል" አሉኝ።

ማመልከቻ ጻፍኩ። "ፖስታዎቹ ሳይቆረጡና ቴምብሩ ሳይነቀል፣ እንዳሉ" የሚለውን ሐረግ ከሥሩ አሰመርኩበት። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠኝ። ከዚያ ጣጣው ጀመረ። ፖስታዎቹ በንብረት መቀበያው ቅጽ በሞዴል 19 ገቢ ስላልሆኑ በማውጫው ቅጽ በሞዴል 22 ወጪ ሊደረጉ አይችሉም ተባለ። ታዲያ ቆሻሻ ናቸው አይደል፣ ልትጥሏቸው አይደል ብዬ ጠየቅሁ። ለመጣልም የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ መወሰን አለበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስልጠና ላይ ናቸው፤ ከስልጠና ሲመለሱ ስብሰባ ላይ ናቸው። በዚህ መሃል ኃላፊው ተዛውረው አዲስ ሰው ተተካ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁ።

አንድ ቀን "ና ውሰድ" ተብሎ ተደወለ። ካርቶን የሚጭን ሰው ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ከመሳቢያቸው አንድ ካኪ ፖስታ አውጥተው ዘረጉልኝ። "ጋሼ፣ እንዳይቸገሩ ብለን ቴምብሩን አንድ በአንድ ቆርጠን አዘጋጅተንልዎታል" አሉኝ፤ በቅንነት ነው ያሉት። ቀሪውስ? "የሰው አድራሻ ስላለበት ኮሚቴው እንዲቃጠል ወሰነ።"

ከፍቼ አየሁ። ቴምብሮቹ ጥርሳቸው ድረስ በመቀስ ተከርክመዋል፣ ማህተሙ ለሁለት ተከፍሏል፣ የከተማው ስም ከአንዱም ላይ በሙሉ አይነበብም። ፋይሉ ይውጣልኝ ብዬ ግድ አልኩ። ማመልከቻዬ አለ፣ ያሰመርኩበትም አለ። ኅዳጉ ላይ ግን በኃላፊው እጅ "ለአመልካቹ ቴምብሩ ይሰጠው" የሚል ምሪት ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የያዘ ሁሉ ያነበበው ያንን አንድ መስመር ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰውየው አንድ ገጽ ለማንበብ ጊዜ አጡ፣ ያ ሁሉ የመላ አገሪቱ ማህተም በአንድ ከሰዓት አመድ ሆነ። "ይቅርታ" ያለኝም የለም፤ ይልቁንም የተረከብኩበትን ፈርም ተባልኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ማመልከቻ ስታስገቡ ምሪቱ ሲጻፍ ፊት ለፊት ቁሙ፣ የተጻፈውን አንብቡ፣ ጎዶሎ ከሆነ እዚያው እንዲስተካከል ለምኑ። ቴምብር ሰብሳቢ ነኝ አትበሉ፤ አሮጌ ፖስታ ነው የምፈልገው በሉ፣ የምትፈልጉትን ዓይነት አንድ ሙሉ ፖስታም ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩ። መጀመሪያ ወደ ኃላፊ ሂዱ የሚለውን ደንብ አልቀበለውም፤ መቀሱን የሚይዘው ሠራተኛ እንጂ ኃላፊው ስላልሆነ መጀመሪያ የመጋዘን ሠራተኛውን አግኙና አስረዱ። ደግሞም ያያችሁትን ቀን፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ የፊቱንም የኋላውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ከሁሉ የሚሻለው የሰው ቤት ነው። አሁን የምሰበስበው ከአዛውንቶች ነው። ደብዳቤው ፖስታው ውስጥ ካለ ሳላነበው አውጥቼ ለቤተሰቡ እመልሳለሁ፣ ፖስታውን ብቻ እቀበላለሁ፤ ይህን ስላወቁ አንዱ ቤት ለሌላው ቤት ይነግርልኛል። ያገኛችሁትን ደግሞ በፕላስቲክ አታሽጉት፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች "ላሚኔት ይደረግልህ፣ ይጠበቃል" ይሏችኋል፣ አንዴ ከታሸገ ግን ወረቀቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። የሚጣበቅ ገጽ ያለው የፎቶ አልበምም አይሆንም። ንጹሕ ነጭ ወረቀት በየመሃሉ አድርጋችሁ በሣጥን አቁሙት፣ ሣጥኑን ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቁት፣ ክረምት ላይ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ክዳኑን ከፍታችሁ አናፍሱት።