ብቻውን ለሚቀዳ ሰው የጋሽ ኃይሉ አኮርዲዮን

ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ፣ ባንድ ሳይሰበስቡ መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሳቸው እየተጫወቱ የቀዱትን አልበም ከወር በላይ በየምሽቱ እያዳመጥሁ ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች በነበሩበት ዘመን፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት የአዲስ አበባ ሒልተን ታዳሚ እስኪነጋ ድረስ አብሯቸው ያድር ነበር፤ እዚህ አልበም ላይ ግን አኮርዲዮናቸውን የሚያጅቡት ራሳቸው የሚጫወቷቸው ሲንተሳይዘሮችና ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከእነዚያም ጋር አንድ የከበሮ ማሽን ብቻ ናቸው።

የድሬ ሙቀት ጋብ የሚለው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚራ ባለው ቤታችን ኪቦርዴን በረንዳ ላይ አውጥቼ በስልኬ መቅዳት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ባሱን እቀዳለሁ፤ ከዚያ እሱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ዜማውን እደርብበታለሁ። ራሴን ሳጅብ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሜ ስለማውቀው ዜማው ሁልጊዜ ይጣደፍብኛል። ከአልበሙ «ሸሞንሟናዬ»ን ደጋግሜ የሰማሁት ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ፍንክች ሳይል ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን ጥቂት ዘግየት ብሎ ይገባል፣ ድምፁን ይዞ ይቆያል፣ ሲለቀውም አይቸኩልም።

ይህ ከኦርጋን የመጣ ልማድ ይመስለኛል። የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል፤ የኦርጋን ድምፅ ግን ጣት እስኪነሣ ድረስ ይዘልቃል። አኮርዲዮን ደግሞ ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ ያንኑ ድምፅ እንደ ማሲንቆ ማወፈርና ማቅጠን ስለሚችል፣ የትዝታን ረዥም ድምፅ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑት ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ፣ «አኮርዲዮን ነው አይደል? ድምፁን ጨምርልኝ እስቲ ልጄ» አሉኝና ወንበራቸውን አስጠግተው አልበሙን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ጋሽ ኃይሉ ከዚህ አልበም በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ፣ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቁ ኪቦርዳቸውን መኪና ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ ባሕር ዳር ተገኝቶ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ለመመለስ ጣታቸው ዝግጁ ነበር።

እኔም ትናንት ማታ ባሱን ብቻ ቀድቼ ዜማውን ሳልደርብበት ተኛሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሽ ስረሳው፣ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።