ሁለተኛው ቀዳዳ ሲከፈት

ደብረ ብርሃን ውስጥ መብራት በጠፋበት አንድ የሐምሌ ምሽት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ኤሌክትሮን ቅንጣት ነው ወይስ ሞገድ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቃል ከማስረዳት ይልቅ ከራሷ ላይ አንድ ጸጉር አስነቅዬ በቀይ የሌዘር መብራት ፊት ወጥሬ ያዝኩት። ሦስት ሜትር ያህል በራቀው ግድግዳ ላይ የጸጉሩን ጥላ ስትጠብቅ ያየችው ግን ወደ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቀያይ ሰረዞችን፣ በመካከላቸውም የጨለሙ ክፍተቶችን ነበር። በጸጉሩ ሁለት ጎን ያለፈው ብርሃን ሲገናኝ፣ የሞገዶቹ ከፍታዎች በገጠሙበት ይደምቃል፤ ከፍታና ዝቅታ በተገናኙበት ይጠፋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቶማስ ያንግም ብርሃን ሞገድ መሆኑን ለማሳየት በ1803 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተጠቀመው በጠባብ ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጮራ መሐል ያቆመው ቀጭን የካርድ ቁራጭ ነበር።

የብርሃኑ ነገር ብዙም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ኤሌክትሮንም እንዲሁ ማድረጉ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 ቁስ ሁሉ የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ የሞገድ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) አለው አለ፤ በ1927 አሜሪካውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ዴቪሰንና ገርመር ከኒኬል ክሪስታል በነጠሩ ኤሌክትሮኖች አረጋገጡት። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ጃፓናዊው አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በ1989 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ልክ እንደ እኛ ጸጉር በአንድ እጅግ ቀጭን ሽቦ ግራና ቀኝ የሚያልፉ ሲሆን፣ ብዛታቸው እጅግ ከመቀነሱ የተነሳ አንዱ ሳይደርስ ሌላው አይነሳም ለማለት ይቻላል። እያንዳንዱ በመቀበያው ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ይተዋል፤ ነጥቦቹም መጀመሪያ፣ ካፊያ በአቧራማ ደጅ ላይ እንደሚጥለው፣ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ናቸው። ሺዎች ሲከማቹ ግን ያው ደማቅና ጨለማ መስመር ይወጣል። ብቻውን የመጣው ኤሌክትሮን ከማን ጋር ተገናኝቶ ነው?

ገብስ የሞላ ጆንያ ሁለተኛ ቀዳዳ ስላወጣ፣ ቀድሞ ፍሬ ይወድቅበት የነበረው ቦታ ባዶ ሆነ የሚለኝ የመንዝ ገበሬ ቢመጣ አላምነውም። ኤሌክትሮን ግን ይህንኑ ያደርጋል፤ አንዱ መንገድ ተዘግቶ ሳለ ይደርስበት የነበረውን ስፍራ፣ ሁለቱም ሲከፈቱ ይተወዋል። ገብሱ እንዲህ የማይሆነው ክብደቱ ብዙ በመሆኑ ነው፤ ክብደት ሲጨምር የሞገድ ርዝመት ስለሚያጥር፣ የፍሬው የሞገድ ርዝመት ከአቶም አስኳል እንኳ በእጅጉ ያንሳል።

«ታዲያ በየትኛው ጎን አለፈ?» አለችኝ። ያን የሚለይ መሣሪያ ብታቆሚ ጎኑን ታውቂያለሽ፣ መስመሮቹ ግን ይጠፋሉ አልኳት። ጸጉሩን ከእጄ ወስዳ እንደገና ሌዘሩ ፊት ወጠረችው።