አያቴ በምን ሞቱ?

ባለፈው ወር ጨጓራዬ ሲያስቸግረኝ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ታዘዘልኝ። ሐኪሙ ከምርመራው በፊት «ከቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ታክሲ ውስጥ ስገባ ነው ትዝ ያለኝ፤ የእናቴ አባት የሞቱት ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ነው፣ በምን ሲባል ደግሞ «ሆዱን አሞት» ከሚለው ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ጋ መቼም ጨጓራ የሌለበት ሰው የለም። ተልባ በጥብጠን እንጠጣለን፣ ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ እንውጣለን፣ በርበሬውን እንረግማለን። እኔም ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖሬያለሁ።

ለጨጓራ ቁስለትም ለጨጓራ ካንሰርም ዋናው ተጠያቂ ግን ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ በ2005 ከባልደረባው ሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው በ1994 ነው። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ካንሰር ሳይይዘው ይኖራል። ችግሩ የጨጓራው መቆጣት ለዓመታት ሲቆይ ነው፣ በላዩ ላይ ጨውና ሲጋራ ሲጨመርበት። በርበሬ ያቃጥላል፣ እውነት ነው፤ ማስረጃው የጠነከረው ግን በጨው ላይ ነው። (ቋንጣ ወዳጆች፣ ይቅርታ። እኔም ከእናንተ ነኝ።) ጃፓንና ኮሪያ በጨው የቆየ ዓሣና አትክልት አብዝተው ይበላሉ፣ በሽታውም እዚያ ብዙ ነው። በብዙ አገር ፍሪጅ ቤት ሲገባና በጨው ማቆየት ሲቀር በሽታው አብሮ ቀንሷል።

ወጣት ሲታመም ግን ነገሩ አንዳንዴ ከዘር ይመጣል። ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ቤተሰብ ነበር፤ ልጆቹ እየተከታተሉ በጨጓራ ካንሰር ያልቁ ነበር፣ ትንሹ ገና 14 ዓመቱ ነው። እርግማን ነው ያሉም ነበሩ። ቤተሰቡ ግን ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ጠየቀ፣ በ1998 ምክንያቱ ተገኘ፦ ሲዲኤች ዋን የሚባል ዘረመል ተበላሽቷል። ይህ ዘረመል ሴሎችን የሚያያይዘውን ማጣበቂያ የሚሠራ ነው፤ ሲበላሽ ሴሎቹ ጭቃ እንዳጣ የድንጋይ ካብ ይበታተናሉ። ካንሰሩ እብጠት ሳይፈጥር ከጨጓራው ሽፋን ሥር ይሰራጫል፣ ስለዚህ ኢንዶስኮፒ ሊያመልጠው ይችላል። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። በሴቶች ላይ የጡት ካንሰርንም ሊያመጣ ይችላል። ኢንዶስኮፒ ሊያመልጠው ስለሚችል ነው የተበላሸው ዘረመል ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሳይታመሙ ጨጓራቸውን ሙሉ በሙሉ የሚያስወጡት፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሽ እየበሉ፣ ቫይታሚን ቢ12 ዕድሜ ልክ እየወሰዱ ይኖራሉ። ደግነቱ በዘር የሚመጣው ይህ ዓይነት ከ100 የጨጓራ ካንሰር ታማሚ ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው።

የእኔ ውጤት ባክቴሪያው ብቻ ሆነ። 14 ቀን መድኃኒት ዋጥኩ፣ አፌ መራራ ሆኖ ከረመ። መጥፋቱን ለማረጋገጥ ከአራት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ይደረጋል፣ ከዚያ በፊት ኦሜፕራዞሉን ሁለት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። የደም ምርመራው ደግሞ ከዳንክም በኋላ አለ ሊልህ ይችላል፤ በሱ ተደናግጦ ድጋሚ መድኃኒት የጀመረ ጓደኛ አለኝ።

ከዚያ እማዬ ጋ ደወልኩ። «አባባ ምን ነበር የሚያመው?»

«ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ጠገብኩ ይል ነበር። ከሳ፣ ከሳ፣ ጠቆረ። መተት ነው ተባለና ጸበል ወሰዱት።»

«ሌላስ? ከወንድም ከእህቶቹ?»

ዝም አለች። «ታላቅ እህቱም እንደዚሁ ሆና ነው የሞተችው።»

ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር ስላት «ጣልያን ሲወጣ ልጅ ነበረች» አለችኝ። ሐኪሙ ይሄን በቁጥር ነው የሚፈልገው። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ እማዬ ደግሞ ለአክስቴ ደውላ የሟቿን ዕድሜ እያስቆጠረች ነው።