ሥራ ያልፈታ ብረት

የመጀመሪያው የስቲምፓንክ ደብተሬ ዕድሜው አራት ቀን ነበር። ወፍራም ካርቶን በአሮጌ የቆዳ ጃኬት እጅጌ ለብጬ፣ ከተሰባበሩ ሰዓቶች የተለቀሙ አሥራ አንድ ጥርሳም መዘውሮችን፣ አንድ የቁም ሣጥን ቁልፍና ሁለት ሮንዴላ በማስቲሽ ለጠፍኩበትና በኩራት መስኮት ላይ አቆምኩት። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ የአዳማ ፀሐይ ማስቲሹን አላልታው ኖሮ፣ በአራተኛው ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ መዘውሮቹ በሙሉ ተንሸራተው ከደብተሩ ግርጌ እንደ ረገፈ ፍሬ ተከማችተው ጠበቁኝ። ያን ጊዜ የተናደድኩት በማስቲሹ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስቲምፓንክ የሚባለው ፈሊጥ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ሳያበቃ ቢቀጥል ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር ከሚል ምናብ የተነሣ ነው። ስሙን በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብሊው. ጄተር ሲሆን፣ የእርሱንና የባልንጀሮቹን ልብ ወለዶች ለመጥራት በግማሽ ቀልድ የሰነዘረው ቃል ኋላ ላይ ወደ ልብስ፣ ወደ ጌጣጌጥና ወደ እጅ ሥራ ተዛመተ። ለእኛ ከተማ ሰው ግን እንፋሎት ምናብ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የሆነው የምድር ባቡር በአዳማ በኩል ነው ያለፈው፤ በናፍጣ ሞተር እስኪተካ ድረስም ይጎትተው የነበረው እንፋሎት ነበር። (አንድ ቁራሊዮ ሰብሳቢ ይህን ፍቅሬን አውቆ የሐዲድ ማሰሪያ ቡሎን ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር። የሕዝብ ንብረት ቁራሊዮ አይባልም ብዬ መለስኩት፤ እርሱም «እሺ፣ እንግዲያው የላምባ ምድጃ አለኝ» ብሎ ከማዳበሪያው ውስጥ ያማረ የናስ ምድጃ አወጣልኝ። የምድጃው ማጠራቀሚያ ክዳን ዛሬ የአንድ ደብተር መዝጊያ ሆኗል።)

መዘውሮቹን የሰጡኝ በገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሰዓት የሚጠግኑ አዛውንት ናቸው። የወደቀውን ደብተር ይዤ ስሄድ ሌላ ማጣበቂያ እንዲጠቁሙኝ ነበር ምኞቴ። እርሳቸው ግን ደብተሩን አገላብጠው አይተው፣ «ይህ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ጌጥ ነው፣ ጋሼ።»

«ጌጥማ አየሁ። ምን ያደርጋል ነው የምልህ። ደግሞ ይህ ከዚያ ጋር አይግባባም፤ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም።»

ነገሩን ሲያስረዱኝ፣ ሁለት መዘውሮች ተነካክሰው እንዲዞሩ የየራሳቸው ስፋት ቢለያይም የጥርሳቸው መጠን አንድ መሆን አለበት፤ ከተለያዩ ሰዓቶች የተለቀሙ ጥርሶች ደግሞ ጎን ለጎን ቢቀመጡም አይገጥሙም። በተለመደው ባለ ሞላ የእጅ ሰዓት ውስጥ መካከለኛው መዘውር በአንድ ሰዓት አንድ ጊዜ፣ የሴኮንዱ መዘውር በአንድ ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ይህንን የስድሳ እጥፍ ልዩነት የሚያመጣው የጥርሶቹ ቁጥር ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ያ በአሥራ አንድ መዘውር ያጌጠው ሽፋኔ፣ ፊደላት ተደርድረውበት አንድም ቃል የማይነበብበት ጽሑፍ መስሎ ታየኝ።

ስለዚህ ሁለተኛው ደብተር የተጀመረው ከአንድ የማይጠገን የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ነው። ጋሼ ሞላውን ቀስ ብለው አላሉ፤ የተጠመጠመ ሞላ ሳይላላ ሰዓት የሚፈታ ሰው ጣቱን ለአደጋ ያጋልጣልና። ከዚያ መዘውሮቹን ነቅለው በመስጠት ፈንታ፣ መዘውሮቹ የተተከሉበትን የናስ ሳህን ቀዳዳዎቹን ሳይነኩ በብረት መጋዝ ቆረጡልኝ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሰዓቱ ፋብሪካ በቀዳዳዎቹ መካከል የለካውን ርቀት እንደ ተለካ ማስቀረት። እኔ በሽፋኑ እንጨት ላይ ጎድጓዳ ሥፍራ ፈልፍዬ ያንን ቁራጭ በአራት ጥቃቅን ብሎኖች አሰርኩት። አሁን ትልቁን መዘውር በአውራ ጣት ሲገፉት ትንሹ እየተንጫጫ ይሽከረከራል፤ ብረቱም ከሽፋኑ በላይ ስላልወጣ ቦርሳ ውስጥ ሌላ ነገር አይቧጭርም። በነገራችን ላይ፣ በጨለማ የሚያበራ ቁጥር ያላቸውን በጣም አሮጌ ሰዓቶች ጋሼ ከፍተው አይሰጡኝም፤ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ለዚህ ማብሪያ ራዲየም ይቀባ ስለነበር ትክክል ናቸው። ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆም እንኳ ራዲየሙ በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ያም ሆኖ፣ ደብተርን ደብተር የሚያደርገው ጀርባው ነው። ብዙ የስቲምፓንክ ደብተሮች ፊታቸው አምሮ ሲከፈቱ የሚሰነጠቁት ጀርባቸው በሙጫ ብቻ ስለተያዘ ነው። እኔ የተከተልኩት የብራና መጻሕፍታችን የተጠረዙበትን መንገድ ነው። በዚያ አሠራር ጥራዞቹን፣ ማለትም ታጥፈው የተደራረቡትን ገጾች፣ እርስ በርስና ከእንጨት ገበታው ጋር የሚያያይዛቸው ክር እንጂ ሙጫ አይደለም። በገበታው ጠርዝ ላይ ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰያፍ ይበሳሉ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር በሁለት ጫፉ መርፌ ይዞ ይገባል፤ ሁለቱ መርፌዎች በየጥራዙ እየተላለፉና ያለፈውን ስፌት እየጠለፉ እንደ ሰንሰለት ይወጣሉ። እንዲህ የተሰፋ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ተኝቶ ይከፈታል፤ ለሚጽፍበት ሰው ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ገበታዎቹ ከአናጺ የተገኘ የዋንዛ ፍላጭ ናቸው፤ ክሩን ሰም ቀብቼዋለሁ፤ ቀዳዳውን በወስፌ ለመብሳት ሞክሬ አንዱን ገበታ ስለሰነጠቅኩት በቀጭን መሰርሰሪያ ጨረስኩት።

ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት የሚጣል ቁራጭ ነው። ከመታጠፉ በፊት ቃጫው በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቁራጭ በአንድ ፊቱ ውኃ ሲነካው ይጠቀለላል፣ የጥቅልሉ ዘንግም የቃጫውን አቅጣጫ ያሳያል። እጥፋቱ ቃጫውን ተከትሎ ከሄደ ገጹ ለስላሳ ሆኖ ይገለበጣል፤ ካቋረጠው ግን ይሻክራል፣ ይቆማል። ሦስት ጥራዝ ከሰፋሁ በኋላ ይህን ስለተረዳሁ ሦስቱንም ፈታኋቸው።

ቆዳውን ለማጥቆር የዛገ ምስማር በአቼቶ ውስጥ ለሳምንት ያህል ዘፍዝፌ ውኃውን ተጠቀምኩ። በጃኬቱ ቆዳ ላይ ምንም አልሠራም፤ ምክንያቱም የጥቁረቱ ምንጭ ብረቱ በእንጨት ቅርፊት በለፋ ቆዳ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ የዛሬ ጃኬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለፋው በክሮም ነው። ከአያቴ የቀረ ሰፊ ቀበቶ ላይ ስቀባው ግን በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ከሰል ጠቆረ። ከዚያ በቢካርቦኔት ውኃ አጠብኩት፤ የብረትና የአሲድ ቅሪት ከጊዜ በኋላ ወረቀት ይበላል።

ደብተሩን ሲያልቅ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መዘውሩን ሁለት ጊዜ አዙረው፣ ጀርባውን ገልብጠው ክሩን በጥፍራቸው ሳቡት። ጥያቄያቸውን አልረሱም ነበር፤ «አሁንስ ምን ያደርጋል?» ሲሉኝ «ይጻፍበታል» አልኳቸው። የተቀደደውን የጥገና መዝገባቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩም «የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ፣ ሞላው የተበጠሰ» ብለው መዘገቡ።