ወረፋው እስኪደርስ ከጠጠሩ ጋር

የኩላሊት ጠጠር ይዞት የማያውቅ ሰው "ቻል አርገው" ማለት ይቀናዋል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ጠጠሬ 8 ሚሊሜትር ነው፣ በግራ በኩል ነው ያለው፣ ሪፈር የተጻፈልኝ አዲስ አበባ ሲሆን ወረፋው ደሞ ገና ነው። ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነው አብዛኛው ራሱ በሽንት ይወጣል፣ የኔ ግን ከፍ ስላለ ሀኪሙ "እስከዛ ህመሙን ቶሎ ቶሎ ያዘው" ነው ያለኝ። መቻሉ ምን እንደሚጠቅም እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

ህመሙ የሚመጣው ጠጠሩ የሽንት ቱቦውን ሲዘጋውና ከላይ ያለው ሽንት መሄጃ አጥቶ ኩላሊቱን ሲወጥረው ነው። ለዚህ ነው ዲክሎፌናክ የሚባለው የህመም ማስታገሻ የሚሻለው፣ ማደንዘዝ ብቻ ሳይሆን ውጥረቱንም ይቀንሳል። እኔ ጎኔን ጠቅ ማድረግ ሲጀምረኝ ነው 50 ሚሊግራሟን የምውጣት፣ አንዴ ከጦዘ በኋላ ማስመለስ ይመጣና ኪኒኑም አብሮ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ያለው በሌሊት ባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጩ ለመርፌ መሄድ ነው፣ እሱን ለጠላቴም አልመኝ። ግን በቀን ከ150 ሚሊግራም አይታለፍም፣ ጨጓራ ያለበት ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ወይም እርጉዝ ደሞ ሀኪም ሳያዘው ባይነካው ነው የሚሻለው።

ሌላው ሙቀት ነው። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይኮማተራል እናንተም ትቃጠላላችሁ) ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ጎን ላይ ማድረግ። በተለይ በደሴ ብርድ እንዴት እንደሚያሳርፍ! ዝም ብላችሁ መተኛት ካቃታችሁም አትጨነቁ፣ ጠጠር ሰውን ያንከራትታል፣ እኔ ግቢ ውስጥ ስዞር ነው የማድረው።

ቡና ላይ ደሞ ምክሩ አያልቅም። ከአቦል እስከ በረካ አንዱ ተልባ፣ አንዱ ሎሚ፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢራ ይላል (በሙስሊም ቤት!)። ሎሚው ክፋት የለውም፣ አዲስ ጠጠር እንዳይሰራ ያግዛል፣ የተሰራውን ግን አያሟሟም። ምንነቱ የማይታወቅ ስር ቀቅዬ ግን አልጠጣም፣ ኩላሊት የሚጎዳ አለ። "ወተት ተው" የሚሉትንም አልሰማሁም፣ መቀነስ ያለበት ጨውና ስጋ ነው። ውሃ በደህናው ቀን ሽንት ነጣ እስኪል ይጠጣል፣ ህመሙ በተነሳ ሰዓት ግን ጠጠሩን ልገፋው ብሎ በጆግ መገልበጥ የተዘጋውን ኩላሊት የባሰ መወጠር ነው። ጾሙንም ሀኪሙን ጠይቄ ትቼዋለሁ፣ ታማሚ ቀዷ ያወጣል (ሲሻለው ያለፈውን ይጾማል)፣ እናቴ ግን እስካሁን ፊቷ አልተፈታም።

አሁን ይቺን በደንብ አንብቡ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ማስመለሱ ኪኒን የማያስቀምጥ ከሆነ ወረፋ የሚባል ነገር የለም፣ በዛው ሌሊት ድንገተኛ ነው የሚኬደው። ከተዘጋው በላይ ያለው ሽንት ኢንፌክሽን ከያዘ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይገባል። ባለ አንድ ኩላሊት ሰውማ ህመሙ እንደተነሳ ነው መሄድ ያለበት። ደሞ ዲክሎፌናክ ትኩሳትንም ያወርዳል፣ ስለዚ ከመዋጣችሁ በፊት ቴርሞሜትር ብብት ስር አድርጉ፣ አለበለዚያ ኪኒኑ ይደብቀዋል።

ሽንቴን በሻይ ማጥለያ እያጠለልኩ ነው የምሸናው፣ ጠጠሩ ምናልባት ከወጣ ተመርምሮ ከምን እንደተሰራ ይታወቃል። ማጥለያውን ለራሴ ብቻ ገዝቼ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፣ ባለቤቴ አሁንም በጥርጣሬ ነው የምታየው።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ደሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ሰው አውቶብስ ላይ ሽንት እንዳይመጣበት ብሎ ውሃ አይጠጣም፣ ሸዋሮቢት ላይ ያለውን ሙቀት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ለጠጠር ከዚህ የባሰ የለም። መድሃኒቱን ጣሪያ ላይ በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በኪሳችሁ ያዙ፣ ውሃችሁን ጠጡ፣ ለረዳቱ ገና ከደሴ ስትወጡ የሐረጎን ቁልቁለት ሳትወርዱ ታማሚ መሆናችሁን ንገሩት። ያጉረመርማል፣ ግን ያስቆምላችኋል።